የዊልያም ስተርን ውለታ

የልጆችን የማሰብ ችሎታ በአንድ ቁጥር የሚገልጸውን ስሌት እ.ኤ.አ. በ1912 ያቀረበው ጀርመናዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ዊልያም ስተርን ነው። ይኸው ሊቅ ግን ሰው አንድና ሙሉ ፍጡር ስለሆነ በቁጥር ብቻ ሊታወቅ እንደማይችል አጥብቆ ያስተምር ነበር። (ስሌቱን ይዘን ትምህርቱን የዘነጋነው እኛ ነን።) በሐምቡርግ ከተማ ከእርሱ ዘንድ ከተማሩት አንዱ፣ በ1922 ከሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በዶክትሬት የተመረቀው ወጣት አሜሪካዊ ጎርደን ኦልፖርት ነው።

ስተርን አይሁዳዊ በመሆኑ በ1933 ናዚዎች ከማስተማር ሥራው አባረሩት። ተሰዶ አሜሪካ ገባና በዱክ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር ቆይቶ በ1938 አረፈ። ኦልፖርት ውለታውን አልረሳም። የስብዕና ጥናት ራሱን የቻለ የትምህርት ዘርፍ እንዲሆን ብዙ በረዳው የ1937 መጽሐፉ ውስጥ የመምህሩ አሻራ ጎልቶ ይታያል፤ በዚያው ዓመትም ስለ ስተርን ትምህርት ለብቻው ጽሑፍ አውጥቷል።

ኦልፖርት ደግሞ በተራው መምህር ሆነ። በ1963 በእርሱ ሥር ለዶክትሬት የበቁ 55 ምሁራን የየራሳቸውን ጽሑፎች በሁለት ጥራዝ አስጠርዘው አበረከቱለት። በመታሰቢያነት የጻፉለት ቃል የእያንዳንዳቸውን ልዩ ማንነት ስላከበረላቸው የሚያመሰግን ነበር። ስመ ጥሩው ሊቅ ካገኛቸው ክብሮች ሁሉ አብልጦ የሚወደው ይህንኑ እንደ ነበር በሕይወት ታሪኩ ጽፎታል።