ስለ ጊዜ ግምት

ሰው የጊዜን ልክ በራሱ ግምት ያውቃልን? በመምህርነት በኖርሁበት ዘመን ይህን ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ፤ አንዱ ደወል ትምህርት ለሰለቸው ተማሪ የዘገየ፥ ጨዋታ ለያዘው ግን የቸኰለ ይመስለው ነበርና።

ይህን በራሱ ላይ ከመረመሩት ሰዎች አንዱ ሚሼል ሲፍር የተባለ ፈረንሳዊ የመሬት ጥናት ዐዋቂ ነው። እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ1962 ዓ.ም.፥ የ23 ዓመት ጐልማሳ ሳለ፥ በፈረንሳይና በኢጣልያ ወሰን አጠገብ ወዳለው የስካራሶን የበረዶ ዋሻ ጁላይ 16 ቀን ገባ። ሰዓት አልያዘም፤ የፀሐይም ብርሃን አይደርስበትም። ሲነሣ፥ ሲበላና ሲተኛ ከላይ ላሉት ጠባቂዎች በስልክ ይነግራቸዋል፤ እነርሱ ግን ጊዜውን አይነግሩትም ነበር።

ሴፕቴምበር 14 ቀን ጊዜው ተፈጸመ ባሉት ጊዜ፥ በእርሱ ቈጠራ ቀኑ ገና ኦገስት 20 ነበር። 25 ቀን ከአእምሮው ጠፍቶአል! በየሴኮንዱ አንድ እያለ እስከ 120 ሲቈጥርም፥ የሁለት ደቂቃው ቈጠራ አምስት ደቂቃ ያህል ፈጀ።

የሚያስደንቀው ግን የመኝታውና የመነሣቱ ዙር በመዝገብ ሲታይ ከ24 ሰዓት ጥቂት ብቻ የሚበልጥ ሆኖ መገኘቱ ነው። ግምቱ ሲስት ሥጋው አልሳተም። በ1972 ሊቃውንት ይህን ዙር የሚመራውን ስፍራ በአይጥ አንጐል ውስጥ ለይተው አገኙ፤ በሰውም ከዓይን ነርቮች መገናኛ በላይ ይገኛል፤ በዓይን የሚገባው ብርሃን በየቀኑ ያርመዋል። ያለፉትን ቀኖች ብዛት ስንገምት ግን የምንደገፈው በትዝታ ነው። በዋሻው አንዱ ቀን ከሌላው የሚለይበት ነገር ስላልነበረ፥ ትዝታ የሚይዘው ምልክት አጣ፤ ብዙውም ጊዜ ጥቂት መሰለ።

እንግዲህ ወዳጄ ሆይ፥ ዋሻ ያልገባን እኛም ቀኖቻችን አንድ ዓይነት ሲሆኑብን «ዓመቱ መቼ አለፈ?» እንላለን። ሲፍር ገና ብዙ ቀን ይቀረኛል ሲል ጥሪው ደረሰ፤ ለእርሱ ጥሪው የደስታ ነበር። ነገር ግን ከወንድሙ ሊታረቅ፥ ዕዳውን ሊከፍል፥ ልጁን ሊመክር አስቦ «ገና ነው» የሚል ሰው፥ ጥሪው ሥራው ሳይፈጸም ይደርስበታል። ስለዚህ በግምታችን አንመካ። ለእያንዳንዱ ቀን አንድ መልካም ሥራ ምልክት እናድርግለት፤ ምልክት ያለው ቀን ከትዝታ አይጠፋምና።