ሩዝ ወደ መሶባችን የገባበት መንገድ

በማኅበራችን ስብሰባ አንድ አባባል ደጋግሞ ይነሳል፤ «የእኛ አገር ሰው አመለካከት እኮ አይለወጥም»። ስለ ሴት ሥራ፣ ስለ ሴት ገንዘብ፣ ስለ ሴት ልጅ ትምህርት ባወራን ቁጥር ውይይታችን እዚያ ላይ ይቆማል። የምንኖረው ግን በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ሐሳቡን በቀየረ ሜዳ ላይ ነው። ምስክሩም በየቤታችን ያለው ሩዝ ነው።

የርብና የጉማራ ወንዞች በክረምት ሞልተው ወደ ጣና ሲወርዱ የፎገራን ሜዳ ያጥለቀልቁታል። ድሮ ውኃ የተኛበት መሬት ለከብት ይተው ነበር፤ በወተቷ ስመ ጥር የሆነችው የፎገራ ላምም ያደገችው በዚህ ሣር ነው። ጤፍና ዳጉሳ ከፍ ባለው መሬት ይዘራሉ፤ ውኃው ሲሸሽ በቀረው እርጥበት ጓያና ሽምብራ ይበቅላል። ረግረግ መሬት በክረምት እህል አይሆነውም የሚለው እምነት ከስንፍና የመጣ አልነበረም። አያቶቻችን በእጃቸው በነበረው ዘር ሲመዘን ልክ ነበር። ብዙ አመለካከት የሚወለደው እንዲህ ነው፤ አንድ ጊዜ በሥራ የተፈተነ ነገር ይቆይና ሳይጠየቅ የሚወረስ ልማድ ይሆናል።

በደርግ ዘመን የሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች መጥተው በደራ ወረዳ ጅግና፣ በፎገራ ወረዳ ደግሞ ሻጋ ላይ በነበሩት የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ማሳ ሩዝ አስዘሩ። መሬቱ ሩዙን ተቀበለው። ከማሳው ወደ ቤት ግን ቶሎ አልገባም። አንደኛ፣ የመጣው ከማኅበሩ ማሳ ጋር ተያይዞ ነው፤ የጋራ የሆነን ነገር ገበሬው እንደ ራሱ አላየውም። ሁለተኛውና እኛ የበለጠ ክብደት የምንሰጠው ምክንያት ግን ምጣዱ ነው። ስለ ውኃውና ስለ አፈሩ ብዙ ታስቧል፤ ሩዙ ከታጨደ በኋላ ማን በሙቀጫ እንደሚወቅጠው፣ ምን ተደርጎ እንደሚበላ ግን እምብዛም አልታሰበም። አንዲት ሴት ገለባው የማይለቅ እህል ከፊቷ ተቆልሎ ልጆቿ ሲራቡ «ይህ ምግብ ነው» ቢሏት ምን ብላ ትቀበለው?

የኅብረት ሥራ ማኅበራቱ ሲፈርሱ ዘሩ ቀረ። ገበሬው በራሱ መሬት መዝራት ጀመረ፤ የግብርና ሠራተኞችም አገዙት። ዛሬም በስፋት የሚዘራው ኤክስ ጅግና የሚባለው ዝርያ ስሙን የወሰደው ከዚያችው ከጅግና ነው። ቤት ውስጥ ደግሞ ሌላ ሥራ ተሠራ። ሩዝ ብቻውን ሲጋገር እንጀራው ቶሎ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃልም። ከጤፍ ወይም ከዳጉሳ ጋር በልኩ ሲደባለቅ ግን ነጭና ለስላሳ ይወጣል። የቱን ያህል ከየቱ ጋር የሚለው የተለየው በየቤቱ ሊጥ ሲበላሽና ሲቃና ነው። ጠላም ተጠመቀበት፣ አረቄም ወጣበት፣ ገለባው ለከብት ሆነ። መፈልፈያ ማሽን በወረታ ሲበዛ ሙቀጫው አረፈ። የፎገራ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል እዚሁ ከተማችን የተቋቋመው ሰው ሩዙን ከለመደ በኋላ ነው። ሰው አስቀድሞ ሐሳቡን ቀይሮ ከዚያ ሩዝ አልበላም፤ እየበላ ነው ሐሳቡ የተቀየረው። (ለውጡ ዋጋም አስከፍሏል፤ ግጦሹ ታርሶ የፎገራ ከብት ተመናምኗል።)

ሁለተኛው ምስክር ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ፣ ዓለም በር አካባቢ ያለው አውራምባ ነው። ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም. የመሠረቱት ይህ ማኅበረሰብ ሴትና ወንድ በሥራ እኩል ናቸው ብሎ ተነሳ። መሥራቹ እንደሚያወሱት ሐሳቡ የጀመራቸው በልጅነታቸው ነው፤ እናታቸው ከአባታቸው ጋር እርሻ ውላ ስትመለስ የቤቱም ሥራ የእሷ ብቻ መሆኑ አልገባ አላቸው። በዚህ ጥያቄ እንደ እብድ ተቆጥረዋል። ማኅበረሰቡም በጎረቤት ተጠልቶ፣ በደርግ ዘመን መጨረሻ ወደ ቦንጋ ተሰደደ። ሲመለስ የቀረለት መሬት 17.5 ሄክታር ብቻ ስለነበር ወደ ሽመናና ወደ ወፍጮ ዞረ። የአካባቢው ሰውም እህሉን ጭኖ ወደ ወፍጮው መጣ። ተራ እየጠበቀ ሴት ስትሸምን፣ ወንድ ጥጥ ሲፈትል አየ። ጥላቻው ሁሉ ጠፍቷል አንልም፤ ዱቄቱን ይዞ የተመለሰ ሰው ግን ስለ አውራምባ የሚያወራው ከሩቅ በሰማው ብቻ አልነበረም።

እንግዲህ በሩዝ ላይ ሐሳቡን የለወጠው ሜዳ፣ በአውራምባ ደጅ የሚያልፈው ሜዳ፣ በእኛ ሥራ ላይ ለምን ዘገየ? ሩዝ አረም ይወዳል፤ ጎንበስ ብለን ውኃ ውስጥ የምንውለው በብዛት እኛና ልጆቻችን ነን። አጨዳውም ውቂያውም አለ። ሆኖም ኩንታሉ ተጭኖ ወረታ ሲደርስ ዋጋ የሚነጋገረውና ብሩን የሚቆጥረው አብዛኛውን ጊዜ ወንዱ ነው። በክልላችን የባልና የሚስት ስም አብሮ የሚጻፍበት የመሬት ይዞታ ደብተር መሰጠት ከጀመረ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። ደብተሩ በሣጥን ውስጥ አለ፤ ሽያጩ ላይ ግን አይነበብም። እኛ እንደምናየው ምክንያቱ የሴቷ የሥራ ቀን የትም አለመቆጠሩ ነው። ያልተቆጠረ ነገር ደግሞ ለባልም፣ ለልጅም፣ ለራሷ ለሴቲቱም እንደ ሥራ አይታይም።

ስለዚህ በመጪው ክረምት እያንዳንዷ አባል ያረመችበትን፣ ያጨደችበትንና የወቃችበትን ቀን በማኅበሩ መዝገብ ልታስጽፍ ተስማምተናል። መጻፍ ለማይችሉት ልጆቻቸው ይጽፉላቸዋል። ኅዳር ላይ ሩዙ ሳይሸጥ ባሎቻችንን ጠርተን መዝገቡን አብረን እናነበዋለን፤ ቡናውም ይፈላል።