ጅቡና ባለ እጁ

በመካከለኛው ዘመን በፈረንሳይኛ ትገጥም የነበረችው ማሪ ደ ፍራንስ «ቢስክላቭሬ» በተሰኘው ትረካዋ የአንድን መኰንን ታሪክ ታወሳለች። መኰንኑ በየሳምንቱ ለ3 ቀን ወደ ተኩላነት ይለወጣል። ሚስቱ ምስጢሩን ደርሳበት፣ ከወዳጇ ጋር መክራ ልብሱን ታሸሽበታለች፤ ያለ ልብሱ ሰው መሆን አይችልምና በአውሬነቱ ይቀራል። በመጨረሻ ንጉሡ በአደን ላይ አግኝቶ ወደ ቤተ መንግሥቱ ያስገባዋል። ሴራው ሲገለጥ ልብሱም ርስቱም ይመለስለታል። ዛሬ ለወጣቶች በሚጻፉ ምናባዊ ልብ ወለዶች የሚታዩት መልክ ለዋጭ መሳፍንት የዚህ ዓይነቱ ትረካ ወራሾች ናቸው።

በኢትዮጵያ ግን አውሬ የመሆን ወሬ የተለጠፈው በመኰንኑ ላይ ሳይሆን በባለ እጁ ላይ ነው። በትግራይ የኖረው እንግሊዛዊ ናትናኤል ፒርስ፣ በ1831 እ.ኤ.አ. በታተመው ማስታወሻው፣ ቀጥቃጮችና ሸክላ ሠሪዎች ሌሊት ጅብ ይሆናሉ እየተባለ ይታመን እንደነበር መዝግቧል። የጆሮ ጌጥ ያደረገ ጅብ ታየ የሚለውም ወሬ የዚሁ እምነት ማስረጃ ተደርጎ ይነገር ነበር።

ከወልቂጤ እስከ ቡታጅራ ባለው የጉራጌ ምድር የወሬው መልክ ቢለይም ሥራው አንድ ነበር። ፉጋ እየተባለ በንቀት ይጠራ የነበረው እንጨት ሠሪ የጉራጌን ጎጆ ምሰሶ ጠርቦ የሚያቆም ጠቢብ ነው። ይሁን እንጂ ዊልያም ሻክ በ1966 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት እንደተገለጸው፣ የአፈሩን ፍሬያማነት ያጠፋል ተብሎ ስለሚፈራ እንሰት ከመትከልና መሬት ከመያዝ ታግዶ ኖሯል። ከሌላው ወገን ጋር መጋባትም አይፈቀድለትም ነበር። ቤቱን ያቆመው እጅ ከቤቱ ደጃፍ እንዲገታ ተደረገ። ፍርሃቱ የሙያውን ውጤት እየተጠቀሙ ባለሙያውን ከርስት ለማራቅ የተተከለ አጥር ሆኖ አገልግሏል።

ይህን አጥር ለማፍረስ የተደረገው ሙከራ የቅርብ ጊዜ ብቻ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብ ከልክለዋል። ስድቡ ቢከለከልም መሬቱ ግን በባለ ርስቱ እጅ ቀረ። የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ በበኩሉ፣ በራሱ ጉልበት ለማረስ ለፈቀደ ማንኛውም ሰው፣ ያለ ጾታ ልዩነት፣ እስከ 10 ሄክታር የሚደርስ መሬት እንዲሰጥ ደነገገ። በዚህም ለባለ እጁ ተዘግቶ የኖረው በር በሕግ ተከፈተ። በጋብቻና በማኅበራዊ ኑሮ ያለው መገለል ግን በአዋጅ ብቻ ተነቅሎ የሚጠፋ አልሆነም።

እንግዲህ የሁለቱ ተረቶች ልዩነት በዚህ ላይ ነው። ተኩላ የሆነው መኰንን አንባቢ ያዝንለታል፤ ርስቱም ይመለስለታል። ጅብ ነው የተባለው ቀጥቃጭ ግን ከመጀመሪያውም የሚመለስለት ርስት አልነበረውም፤ ተረቱም ፍርድ ሆኖበት ኖረ። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በቸሃ ቋንቋ የጻፈውና በ1964 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ የታተመው «የሽነጋ መንደር»፣ የጉራጌ መንደር ኑሮ ለታላቅ ትረካ የሚበቃ መሆኑን አስመስክሯል። የነገው ደራሲ ስለ መልክ ለዋጮች ሊጽፍ ብዕሩን ባነሣ ጊዜ፣ ጅቡ ማን እንደሆነ ብቻ ሳይሆን፣ ጅብ ነው ብሎ የሰየመው ማን እንደሆነና በስያሜውም ምን እንዳተረፈ ሊጠይቅ ይገባዋል።