የሜክሲኮ ተከራዮች

አደባባያችን በስሟ የተጠራው የሜክሲኮ ዋና ከተማ መስከረም 9 ቀን 1978 ዓ.ም. ጠዋት በመሬት መንቀጥቀጥ ክፉኛ ተጎድታ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሰው አለቀ። ከፍርስራሹ ሰው ለማውጣት ቀድሞ የደረሰው ጎረቤት ነው።

እኛን የገረመን ግን የኋላው ነው። መሀል ከተማ በርካሽ ኪራይ ይኖሩ የነበሩት ድሆች «ከሰፈራችን አንነሳም» ብለው ድንኳን ተከሉ፤ በሰልፍም ጠየቁ። መንግሥት ጥቅምት 1 ቀን ቦታውን ከባለንብረቶቹ ወረሰና ኋላ ወደ 48,000 ቤቶች አሠራ። ታዲያ ለማን ይሰጥ? እዚያው ይኖር ለነበረው ተባለ። ለየቤተሰቡ የመብት ወረቀት ተጻፈለት (መዝገብ ይዘን ለኖርን ሰዎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ስሙ ያልተጻፈ ሰው እርዳታ ሲታደል ቆሞ እንደሚያይ እናውቃለን)፤ ዋጋውንም ቀስ በቀስ ከፈለ።

አዲሶቹም ቤቶች ብዙዎቹ እንደ ድሮው አንድ ግቢ የሚጋሩ ሆነው ተሠሩ።