ሁዳዴ ላይ የዋለ ልደት

እስቲ ጠጋ በሉ፣ ስለ አንድ ኬክ ላውጋችሁ። ቦታው ሽሮ ሜዳ፣ እንጦጦ ግርጌ ነው፤ ጊዜው ሁዳዴ። የትንሿ ልጅ ልደት ጾሙ መሀል ዋለ። እሷ ገና ለጾም አልደረሰችም፤ አያቷ ግን 55ቱን ቀን እንቁላልም ቅቤም አይነኩም። ታዲያ ኬክ ሲቆረስ ዳር ቁጭ ብለው ይዩ? እናት ይሄ አልዋጥላት አለ። ጉሊት ወርዳ ብርቱካንና ሎሚ ገዝታ መጣች።

እንቁላል ከሌለ ሊጡን ምን ያነሳዋል? ፍሬው ራሱ ነዋ! የብርቱካንና የሎሚ አሲድ ከቤኪንግ ሶዳ ጋር ሲገናኝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፤ ሊጡን ሽቅብ የሚገፋው እሱ ነው።

እናት መጀመሪያ የሁለት ብርቱካን ልጣጭ ፈቀፈቀች፤ ላይ ላዩን ብቻ፣ ነጩ ከገባ ይመራልና። ከዚያ ከአንድ ኩባያ ስኳር ጋር በጣቶቿ አሸችው። ስኳሩ ወዛ፣ ቀለሙ ወደ ብርቱካንማ ዞረ፣ ሽታው ደጅ ድረስ ወጣ። እዚህ ላይ አትቸኩሉ! ዋናው መዓዛ ያለው በልጣጩ ዘይት ውስጥ ነው።

ሁለት ኩባያ የፍርኖ ዱቄት፣ ቁንጥር ጨው፣ አንድ ኩባያ የብርቱካን ጭማቂ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሎሚ፣ ግማሽ ኩባያ ዘይት። ሶዳው ላይ ግን እጇን ሰበሰበች። ሰፈሩ ከባሕር ጠለል ከ2,400 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ጋዙ ከቆላው ይልቅ ይለጠጣል፤ ኬኩ ቶሎ ይነሳና መሀሉ ይሰምጣል። ስለዚህ አንድ የሻይ ማንኪያ ከሚባለው ሩቡን ቀነሰች። ዱቄቱ እስኪጠፋ ብቻ አማስላ፣ ጋዙ ሳያመልጥ በ180 ዲግሪ ወደጋለው ኦቨን ከተተችው። ከአርባ ደቂቃ በኋላ የወጋችበት ስቴኪኒ ደረቅ ሆኖ ወጣ። ትኩሱ ላይ ስኳር የሟሟበት ጭማቂ አርከፈከፈችበት።

የጾም ኬክ የፍስኩ ምትክ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ በፍጹም አልስማማም። ቅቤው ሲቀር ብርቱካኑ ይጎላል፤ ደግሞም ከቤተሰቡ ማንም ሳይቀር ይበላዋል።

አያት ከቅዳሴ ገቡ፤ ተቆረሰ፤ ቀመሱ፤ ቁራሹን ገልበጥ አድርገው አዩት።

«እውነት እንቁላል የለውም?»

«የለውም፣ እማማ።»

«እንግዲያው ጨምሪልኝ።»