የልጅነት ጋብቻ በሉማሜና በአካባቢዋ

ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው የአዋበል ወረዳ ከተማ በሉማሜ ዙሪያ፣ እንደ ሌላው የጎጃም ደጋ ሁሉ፣ ጋብቻ ለረጅም ዘመን የሁለት ቤተሰብ ውል ነበር። ልጆቹ ሳይጠየቁ ሽማግሌ ይላካል፤ ማጫው ይቆረጣል፤ ሠርጉ በጥር፣ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ይደገሳል። አንዳንዷ ሕፃን በአማቶቿ ቤት ገብታ እንድታድግ ትሰጥ ነበር።

ወላጆችን የሚያስቸኩላቸው ድህነት ብቻ አልነበረም። ልጃቸው «ቆማ ቀረች» እንዳይባል ይፈራሉ፤ በሕይወት ሳሉ መዳሯንም ማየት ይሻሉ። የቤተ ክህነቱም ሥርዓት ድርሻ አለው፤ ዲያቆን ቅስና ከመቀበሉ በፊት ድንግል ማግባት ስላለበት፣ የካህናት ቤት ለጋ ሙሽራ ይፈልግ ነበር።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት 15 ዓመትን ወሰነ፤ ገጠሩ ግን እምብዛም አልሰማውም። የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ በ1995 ዓ.ም. ዕድሜውን 18 አደረገ፤ የ1997ቱ የወንጀል ሕግ ደግሞ ከ13 ዓመት በታች ያለችን ልጅ የሚያገባ እስከ 7 ዓመት ጽኑ እስራት እንዲቀጣ ደነገገ።

 ሕፃን ልትዳር ስትል ወሬውን ወደ ቀበሌ የሚያደርሱት መምህራንና የትምህርት ቤት ጓደኞቿ ናቸው። የልደት ምዝገባ በሌለበት ግን ዕድሜ አከራካሪ ነው፤ ሠርግም በዝክር ስም ይደገሳል።