ፋዝ ፔዳል ለቆላ፦ አብደራፊ ላይ የትኛው ያዋጣል?

የሰሊጥ ብር ሲገባ የጊታር ፔዳል ለመግዛት አስባችኋል? ወይስ ከውጭ ለሚመጣ ዘመድ «ያን የድሮ ድምፅ ያለውን ይዘህልኝ ና» ልትሉ ነው? እንግዲያው ከማዘዛችሁ በፊት ይቺን አንብቡ። ከሩቅ የመጣ ዕቃ ካልሆነ መልሶ መቀየሩ ከባድ ነው።

▪ ፋዝ ምንድን ነው?
በኤሌክትሪክ ጊታርና በአምፕሊፋየር መሃል የሚገባ፣ በእግር የሚረገጥ ትንሽ ሳጥን ነው። ከጊታሩ የሚመጣውን ድምፅ ከልክ በላይ ያጎላዋል። ድምፁ ትራንዚስተሩ ከሚችለው ሲያልፍ የሞገዱ ጫፍ ይቆረጣል። ያኔ ድምፁ ይሻክራል፣ ቶሎም አይጠፋም። ብዙዎቹ ሁለት ማዞሪያ ብቻ አላቸው፦ አንዱ ለድምፅ መጠን፣ ሌላው ለሻካራነቱ።

▪ ከየት መጣ?
ከብልሽት! በ1961 እ.ኤ.አ. የወጣ የአሜሪካዊው ማርቲ ሮቢንስ ዘፈን ናሽቪል ሲቀረጽ፣ የስቱዲዮው መሣሪያ ተበላሽቶ የግራዲ ማርቲን ቤዝ ሻክሮ ወጣ። ሰው ግን ወደደው። የድምፅ ባለሙያው ግሌን ስኖዲ ያንን ድምፅ በትራንዚስተር ሠራውና በ1962 ማኤስትሮ ፋዝ ቶን ተብሎ ገበያ ገባ። በ1965 የሮሊንግ ስቶንሱ ኪት ሪቻርድስ ሲጫወትበት ዓለም አወቀው። በ1966 ለንደን ላይ ክቡ ፋዝ ፌስ ተሠራ፤ ጂሚ ሄንድሪክስ የሚታወቅበት እሱ ነው። ዛሬ ያው ድምፅ መዳፍ በሚያክል ሳጥን ይሸጣል።

▪ ከእኛ ዜማ ጋር ይሄዳል?
በደንብ! ፋዝ ብዙ ክር አንድ ላይ ሲመታ ድምፁን ያደበላልቃል፤ አንድ በአንድ ሲመታ ግን ያምርበታል። ትዝታም ሆነ ባቲ ጊታር ላይ ሲወጣ ብዙውን ጊዜ እንደዚያው ነጠላ ዜማ ነው። የሙላቱ አስታጥቄን የ1970ዎቹ ቀረጻዎች ብትሰሙ የሻከረ ጊታር ታገኛላችሁ።

▪ ዋናው ጉዳይ፦ ሙቀት
የድሮዎቹ ፋዞች የተሠሩት በጀርማኒየም ትራንዚስተር ነው። ድምፃቸው ለስላሳ ስለሆነ ዛሬም ሻጮች «ኦሪጅናል ድምፅ» እያሉ በውድ ይሸጧቸዋል። ችግሩ ጀርማኒየም ሙቀት አይችልም። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ገደማ በጨመረ ቁጥር በውስጡ ሾልኮ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ እጥፍ ይሆናል። ያኔ ድምፁ ይታፈናል፣ ይቆራረጣል። በእኛ ቆላ ደግሞ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ደጋ ላይ ጥሩ የነበረ ፔዳል እዚህ ሠርግ መሃል ሊከዳችሁ ይችላል።

መፍትሔው ሲሊከን ነው። ፋዝ ፌስ ራሱ ቆየት ብሎ በሲሊከን ተሠርቷል። ድምፁ ትንሽ ሰላ ይላል፣ ሙቀት ግን ይችላል። ከሰላባችሁ የጊታሩን ድምፅ ትንሽ ቀንሱት፣ ይለሰልሳል።

▪ መብራት ሲጠፋስ?
ፔዳሉ በ9 ቮልት ድንጋይ ይሠራል፤ የሚበላውም በጣም ትንሽ ነው። ግን ገመዱ እንደተሰካ ከተተወ ባትጫወቱም ድንጋዩ ያልቃል። ስትጨርሱ ንቀሉት።

▪ ከመግዛታችሁ በፊት
✅ «ጀርማኒየም ነው ሲሊከን?» ብላችሁ ጠይቁ። ሻጩ ካላወቀ አትቸኩሉ።
✅ የድንጋይ ቦታ እንዳለው እዩ። አንዳንድ ትንንሾቹ በአዳፕተር ብቻ ነው የሚሠሩት።
✅ ብዙዎቹ የድሮ ዓይነት ጀርማኒየም ፔዳሎች ፖዘቲቭና ኔጌቲቫቸው ከሌሎቹ የተገላቢጦሽ ነው። ከሌላ ፔዳል ጋር በአንድ አዳፕተር አትሰኩት፣ ሾርት ያደርጋል።
✅ ከጊታሩ ቀጥሎ መጀመሪያ እሱን አድርጉት፤ ሌላው ፔዳል ከኋላው ይሁን።

በውስጡ ያሉት ዕቃዎች ጥቂት ስለሆኑ፣ ቢበላሽም ሬዲዮ የሚጠግን ጎበዝ ልጅ ሊነካካው ይችላል። ለፔዳል የሚያስብ ጓደኛ ካላችሁ ሳይከፍል በፊት ሼር አድርጉለት።